የሚቆላ ቡና መዓዛ በቅጽበት ሲለካ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከጎንደር

የተቆላ ቡና ጠረን ከብዙ ነገር የተሠራ ነው። ከ800 በላይ ተናኝ ውህዶች ተለይተውበታል። አፍንጫችን «ቡና ነው» እንዲል የሚያደርጉት ግን ጥቂት አሥሮች ቢሆኑ ነው። ቅጽበታዊ ትንተና ማለት ቡናው ገና እሳት ላይ እያለ የትኛው ውህድ መቼ እንደሚወጣ ሰከንድ በሰከንድ መከታተል ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው ቡናውን የምትቆላዋ ሴት አፍንጫ ነው፤ ደግሞም ጎበዝ አፍንጫ ነው። ቡና በከተማዋ ክርስቲያን ቤቶች መቼ እንደተለመደ ያከራክራል። በብዛት የሚነገረው ሙስሊሞቹ እንደቀደሙና የቤተ ክርስቲያን የቡና ክልከላ በምኒልክ ዘመን እንደላላ ነው።

ጥሬ ቡና ከ10 እስከ 12 በመቶ ውሃ አለው። ምጣዱ ሲግል መጀመሪያ የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ ጠረኑም የሣርና የጥሬ አተር ነው። ፍሬው ሲቀላ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው የስኳርና የአሚኖ አሲድ ምላሽ ይበረታል። የቆሎ ጠረን ያላቸው ፒራዚኖች የሚመጡት ከዚህ ነው። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ቡናው ይንጣጣል። ከዚያ በኋላ በጥሬው ቡና ውስጥ የነበረው የክሎሮጀኒክ አሲድ ስብርባሪዎች ይበዛሉ፤ መጀመሪያ ቪኒልጓያኮል፣ ቀጥሎ የጭስ ጠረን ያለው ጓያኮል። ፍሬው ሲወዛ «በቃ፣ አውርጂው» የሚባለውም እዚሁ ግድም ነው።

የቀድሞው መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነበር። ውህዶችን አጥርቶ ይለያል፤ ችግሩ አንዱን ናሙና ለመጨረስ በአሥሮች የሚቆጠሩ ደቂቃዎች መፍጀቱ ነው። እስከዚያ ቡናው ተወቅጦ አቦል ይቀዳል።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ውስጥ ቨርነር ሊንዲንገርና ባልደረቦቹ የፕሮቶን ሽግግር ማስ ስፔክትሮሜትርን፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ ሚዛን፣ ሠሩ። መሣሪያው ትርፍ ፕሮቶን የተሸከመ ውሃን ከጭሱ ጋር ያገናኛል። አብዛኞቹ የመዓዛ ሞለኪውሎች ፕሮቶኑን ከውሃው ይነጥቁታል። የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ግን አይነኩትም፤ የሚመዘነውም ፕሮቶን የያዘው ብቻ ነው። ስለዚህ ጭሱን በቀጭን ቱቦ ስቦ ወዲያው መመዘን ይቻላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቻሃን የሬትዚያንና ባልደረቦቹ የቡናን መቆላት በዚህ መንገድ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። የጀርመን ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በብርሃን የሚሠራ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ቀረቡ። ቀጭን መሳቢያ አንዲት ፍሬ ውስጥ አስገብተው፣ እየተቆላች ከሆዷ የሚወጣውን ጋዝ ለኩ። ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ይሄኛው ነው።

ጉድለትም አለ። ክብደታቸው እኩል የሆነ ወይም በጥቂቱ ብቻ የሚለያይ ሁለት ውህዶች በፕሮቶኑ ሚዛን አንድ መስለው ይታያሉ። ክብደትን በጣም አጥርተው የሚያነቡ አዳዲስ መሣሪያዎች ነገሩን አሻሽለውታል፤ ኬሚካዊ ቀመራቸው አንድ የሆኑትን ግን እነሱም አይለዩም።

የጎንደር ቤት ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ቀላል ቦታ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ቡና የሚቆላው በተዘጋ በርሜል ነው፤ ጭሱም በአንድ መውጫ ይወጣል። እዚህ ብረት ምጣዱ ክፍት ነው፣ እጅም አያርፍም። ጓያኮል ከእንጨት ጭስም ስለሚወጣ በደንብ ያልከሰለ ከሰል ቁጥሩን ያዛባል። ዕጣኑ ይብሳል፤ በውስጡ ያለው ፓይኒን የተባለ ውህድ ከያዘው ፕሮቶን ጋር በሚዛኑ ክብደት 137 ላይ ይቆማል። በቡናው መዓዛ ውስጥ ሊናሎል ከተባለው ውህድ የሚወጣ ስባሪም እዚያው ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ መለካት የፈለገ ሰው ዕጣኑን ለበኋላ ያቆየው፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቁላ፣ ቡናውን ከመቁላቱ በፊትም ባዶውን ምጣድ አግሎ የክፍሉን አየር ለብቻው ይለካ።