«ሥራዬ ራሱ ይናገራል» ለምትሉ፦ ስለ ኮርፖሬት ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በትልልቅ ድርጅቶች የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቅጥሩም፣ የደመወዝ እርከኑም፣ ምዘናውም፣ ስንብቱም በእጄ አልፏል። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ወዲያው ፍርዱን ይሰጣል። አንዱ «ኮርፖሬት ከገቡ በኋላ ስጋት የለም» ይላል። ሌላው «ኮርፖሬት ዘመናዊ ባርነት ነው» ይላል። ሁለቱም ትልቅ ድርጅት ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም። ወሬውን አምነው የሚጎዱት ደግሞ አዲስ ተቀጣሪዎች ናቸው። ጎበዝ ልጆች በዚህ ወሬ ተመርተው ዓመታት ሲያባክኑ ማየት ሰልችቶኛል። ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልጨርስና በጣም የሚያናድደኝ ላይ ልቆይ።

«ትልቅ ድርጅት አይወድቅም»

ይወድቃል። ሌማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1850 የተመሠረተ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ባንክ ነበር። በ2008 ኪሳራ ሲያውጅ 25 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ነበሩት። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ድርጅት በ2001 ሲፈርስ የባሰ ነገር ታየ። ብዙ ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባቸውን በዚያው በድርጅቱ አክሲዮን አድርገውት ስለነበር ሥራውም ቁጠባውም አንድ ላይ ጠፋባቸው። የኮምፒውተር ድርጅቱ አይቢኤም ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሠራተኛ ባለመቀነስ የሚታወቅ ድርጅት ነበር። በ1993 ግን 60 ሺህ ገደማ ሰው ቀነሰ።

ትልቅ ድርጅት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ደመወዝ በቀኑ ይገባል። ሕክምና፣ ፈቃድና ጡረታ በደንብ ተጽፈው ይታወቃሉ። ስንብት ቢመጣ እንኳ ብዙውን ጊዜ በሥርዓት የሚሰላ ክፍያ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የዕድሜ ልክ ዋስትና አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ቁጠባችሁንም በሙሉ በምትሠሩበት ድርጅት አክሲዮን አታስቀምጡ።

«ቤተሰብ ነን»

ቤተሰብ በጀት አነሰ ብሎ ልጅ አያሰናብትም። የሥራ ባልደረቦች ናችሁ፤ እሱም በራሱ ጥሩ ነገር ነው።

«ኮርፖሬት ባርነት ነው፤ ሰው የራሱን ሥራ ነው መሥራት ያለበት»

ሮናልድ ኮዝ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1937 ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሳ። ሁሉም ሰው በየቀኑ በገበያ እየተዋዋለ መሥራት ከቻለ፣ ድርጅት የሚባል ነገር ለምን ተፈጠረ? መልሱ ገበያ መውጣት ራሱ ወጪ አለው የሚል ነበር። ሰው መፈለግ፣ ዋጋ መደራደር፣ ውል መጻፍ፣ ውሉ መከበሩን መከታተል ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ድርጅት ይህን ወጪ ስለሚቀንስ ነው የሚኖረው። ኮዝ በ1991 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ይህ ለተቀጣሪ ምን ማለት ነው? ደንበኛ የሚፈልግላችሁ፣ ሂሳብ የሚሰበስብላችሁ፣ ግብር የሚያሰላላችሁ ሌላ ክፍል አለ ማለት ነው። ስትወጡ ይህ ሁሉ የእናንተ ሥራ ይሆናል። አንዲት ጎበዝ ዲዛይነር ለቅቃ የራሷን ሥራ ጀመረች። ኋላ ስንገናኝ የነገረችኝ ስለ ዲዛይን አልነበረም። ያልተከፈላትን ገንዘብ ለማስከፈል ስለምታጠፋው ጊዜ ነበር። አልተጸጸተችም፤ ግን ማንም አስቀድሞ አልነገራትም። መውጣት የፈለገ ይውጣ። ይህን አውቆ ይውጣ ነው የምለው።

«ጭንቀቱ የአለቆች ነው፤ ከታች ያለው ዘና ብሎ ይሠራል»

ተቃራኒው ነው ለእውነት የሚቀርበው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከ10 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን የተከታተለ ዋይትሆል የተባለ ትልቅ ጥናት አለ። ዝቅተኛ እርከን ላይ ያሉት ለልብ ሕመም የበለጠ ተጋላጭ ነበሩ። አንዱ ትልቅ ምክንያት በሥራቸው ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣታቸው ነው። ስለዚህ ሥራ ስትመርጡ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። የቀኑን ሥራ ቅደም ተከተል ማን እንደሚወስን ጠይቁ።

«ግድግዳ የሌለው ቢሮ ሰውን ያቀራርባል»

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ ሠራተኞችን ተከታትሎ ነበር። ፊት ለፊት መነጋገራቸው 70 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ አጠገቡ ላለው ኢሜይል ይልካል።

«ኤች አር (የሰው ሀብት ክፍል) የሠራተኛው ጠበቃ ነው»

አይደለም። እኛን የቀጠረን ድርጅቱ ነው። ሥራችን ድርጅቱን ከጥፋት መጠበቅ ነው። አለቃችሁ ሕግ ሲጥስ ግን ይህ ከእናንተ ጥቅም ጋር ይገጥማል። ቅሬታ ስታመጡ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃልና ያየውን ሰው ጽፋችሁ ኑ። «ሁሌም ይበድለኛል» ብቻ ብትሉኝ ልረዳችሁ ብፈልግ እንኳ የምይዘው ነገር የለኝም።

«ሥራዬ ራሱ ይናገራል»

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ይህን የምሰማው ሁልጊዜ ከጎበዞቹ ነው። ሰነፍ ሰው እንዲህ ብሎ አያውቅም። ምዘናው ያልቃል፣ የዕድገት ዝርዝሩ ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ቢሮዬ መጥቶ ይቀመጣል። «እኔ ማስመሰል አልችልም፤ ሥራዬ ይናገራል ብዬ ነበር» ይላል። በየዓመቱ ይህንኑ እሰማለሁ። በየዓመቱም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ያ ሰው ብዙ ጊዜ ዕድገቱ ይገባው ነበር።

ውሳኔው እንዴት እንደሚሰጥ ልንገራችሁ። በብዙ ትልልቅ ድርጅቶች የምዘና ውጤትና ዕድገት የሚጸናው በስብሰባ ነው። የክፍል ኃላፊዎች ይቀመጣሉ። ፊታቸው የስም ዝርዝር አለ። ለአንድ ስም የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የጭማሪው በጀት አስቀድሞ ተወስኗል፤ ለአንዱ በዛ ማለት ለሌላው አነሰ ማለት ነው። ክፍት የዕድገት ቦታዎቹም የተቆጠሩ ናቸው። ከተሰበሰቡት መካከል ሥራችሁን በዓይኑ ያየው ቢበዛ አንድ ሰው ነው፤ የቅርብ አለቃችሁ። አንዳንዴ እሱም አይገባም፣ የእሱ አለቃ ነው የሚገባው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራ አይናገርም። ስለ ሥራችሁ የሚናገር ሰው ግን ይኖራል ወይም አይኖርም።

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ነበረች። የወር መዝጊያውን ሥራ ብቻዋን አስተካክላ በግማሽ ጊዜ እንዲያልቅ አደረገች። ለማንም አልተናገረችም። አለቃዋ ለውጡ የመጣው ከአዲሱ ሶፍትዌር መስሎት ነበር። ስሟ ሲነሳ «ጥሩ ልጅ ናት፣ ችግር የለባትም» አለ። ሌላ ነገር አልተነገረላትም። ቀጥሎ የአንድ ባልደረባዋ ስም መጣ። የእሱ ሥራ ከእሷ ያንሳል። ግን በየወሩ ለአለቃው ሦስት አራት መስመር ይልክ ነበር፦ ይህ ችግር ነበር፣ ይህን አደረግኩ፣ ይህ ተቀየረ። አለቃው ከዚያ ላይ እያነበበ ተናገረ። ቦታውም ለእሱ ሆነ።

ይህን ሳወራ ሰው ቶሎ ብሎ «በቃ፣ ኮርፖሬት ውስጥ የሚያድገው ለፍላፊ ነው» ይለኛል። ይህ ሌላው ስህተት ነው። የተሰበሰቡት ኃላፊዎች ሞኞች አይደሉም። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ማሳደግ ስለሚፈልግ የሌላውን ሰው አጥብቆ ይጠይቃል። ባዶ ወሬ እዚያ ብዙ አይቆይም። ልጁ ያደገው የሚነገርለት እውነተኛ ነገር አለቃው እጅ ላይ ስለነበር ነው። ስለ እሷ የሚነገረው ከዚያም የበለጠ ነበር፤ ግን እሷ ጋር ቀረ።

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ላደግን ሰዎች ስለ ራስ ማውራት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ትሕትናችሁን ጣሉ አልልም። ነገር ግን ራስን ማወደስ ሌላ፣ የሠሩትን ማሳወቅ ሌላ። አለቃችሁ ምን እንደሠራችሁ የማወቅ መብት አለው። እንዲያውም ካላወቀ ሥራውን በትክክል ማከፋፈል አይችልም።

የግለሰብ ድርሻ በብዛት ውስጥ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካ። እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው ውጤት ሰው በቡድን ሲጎትት የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ከሚጎትተው እንደሚያንስ አሳየ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ ሲታወቅ መለገሙ እንደሚቀንስ አዩ። የትልቅ ድርጅት እውነተኛ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ማን ምን እንደሠራ በራሱ ተለይቶ አይታይም። ለይቶ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል፤ አለቃችሁ ደግሞ የሚከታተለው ብዙ ሰው አለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ጻፉ። በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ ምን ተቀየረ። በቁጥር ከተቻለ በቁጥር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው እዚህ በትክክል ይሠራል። እናንተ ራሳችሁ እንኳ በዓመቱ መጀመሪያ የሠራችሁትን በመጨረሻው አታስታውሱትም። ከዚያ በወር አንዴ አጠር አድርጋችሁ ለአለቃችሁ ላኩ። አብሯችሁ የሠራ ሰው ካለ ስሙን ጥቀሱ። የሌላውን ድርሻ የማይደብቅ ሰው የራሱን ሲናገር ይታመናል።

ዕድገት የምትጠይቁበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ መምጣት ትርጉም የለውም፤ በጀቱ አልቋል። ከምዘናው ብዙ ወራት ቀደም ብላችሁ አለቃችሁን «ለሚቀጥለው እርከን ምን ይጎድለኛል? ስሜ ሲነሳ ስለ እኔ ምን ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ይነግራችኋል። አለቃችሁ ከተንተባተበ የሚናገርላችሁ ነገር የለውም ማለት ነው፤ እንዲኖረው ለማድረግ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። አለቃ ይቀየራል። እሱ ሲሄድ ስለ እናንተ የሚያውቀውም አብሮ ይሄዳል። ከሌላ ክፍል ቢያንስ አንድ ኃላፊ ሥራችሁን ይወቅ። ክፍሎች በጋራ የሚሠሩት ፕሮጀክት ሲመጣ «የእኔ ሥራ አይደለም» ብላችሁ አታሳልፉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የማይናገርላችሁ፣ አልፎም ሥራችሁን የራሱ አድርጎ የሚያቀርብ አለቃ አለ። አይቻለሁ። ሁለት የምዘና ዙር ጠብቁ። ካልተለወጠ በውስጥ ማስታወቂያ ወደ ሌላ ክፍል አመልክቱ፣ ወይም ውጡ። ጽፋችሁ ያስቀመጣችሁት ለሥራ ልምድ መግለጫችሁ ይጠቅማል። የድርጅቱን ምስጢር ግን ይዛችሁ አትውጡ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ጎበዝ ማናጀር ይሆናል»

አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ ሠራተኞች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ተቃራኒውን አሳይቷል። ከፍተኛ ሻጮች ቶሎ ማናጀር ይሆናሉ፣ ግን ከእነሱ በታች ያሉት ሠራተኞች ውጤት ይቀንሳል። ሰው መምራት የማይወድ ባለሙያ በሙያው የሚያድግበት መስመር እንዳለ ይጠይቅ። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች አላቸው።

«ያመሸ ያድጋል»

ያመሸ ይደክማል። ስብሰባው ላይ ስንት ሰዓት ወጣ ብሎ የጠየቀ ኃላፊ አልገጠመኝም።

«አንዴ ከለቀቁ መመለሻ የለም»

አለ። የቀድሞ ሠራተኛ መልሰን የቀጠርንበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚወስነው አወጣጡ ነው። የማስጠንቀቂያ ጊዜያችሁን ጨርሱ። የጀመራችሁትን ሥራ የት እንደደረሰ ጽፋችሁ ለተተኪው አስረክቡ። የቀድሞ ሠራተኛ ሲያመለክት ፋይሉን ከፍቼ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን የርክክብ ሰነድ ነው።