የታላቅ ሠዓሊን ሥራ በመቅዳት የመልክዓ ምድር ሥዕልን መማር፦ በጎጃም

በዘይት ቀለም መልክዓ ምድር መሣልን ለመማር ከቆዩት መንገዶች አንዱ የታላቅ ሠዓሊን ሥራ ፊት ለፊት አስቀምጦ መቅዳት ነው። ዘዴው ለጎጃም ባዳ አይደለም፤ እንደ ዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት የጣና ገዳማት ሥዕሎችም ከቀደመ አብነት የተወረሱ ናቸው። ልዩነቱ የሚቀዳው ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በዋናነት መስመሩንና የቅዱሳኑን አቀማመጥ ይወርሳል፤ የመልክዓ ምድር ተማሪ ግን የብርሃኑንና የጥላውን መጠን ካልያዘ ድካሙ ከንቱ ነው። የሚቀዳውም ጀማሪ ብቻ አይደለም፦ እንግሊዛዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1823፣ በ47 ዓመቱ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን የመልክዓ ምድር ሠዓሊ የክሎድ ሎሬንን ሥራ ቀድቷል።

ለመነሻ የራሱ የኮንስታብል «ዋይቨንሆ ፓርክ» (እ.ኤ.አ. 1816) ይመቻል። ሜዳ፣ ውሃ፣ ከብት፣ ዛፍና ደመና አንድ ላይ አሉበት፤ ባለቤቱ የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም (ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት) ጥራት ያለው ምስሉን በነፃ ይለቅቃል። ሥዕሉ 56 በ101 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ግማሹ፣ 28 በ50.5፣ ለተማሪ ይበቃል። ከስልክ ከመቅዳት ማሳተም ይሻላል፤ ስክሪን ከራሱ ብርሃን ስለሚያወጣ ጥላውን አፍክቶ ያሳያል። ህትመቱም ሸራውም ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 4 ቦታ በቀጭን መስመር ይከፈላል። የሁለቱ ወርድና ቁመት ምጣኔ ካልተስማማ ዛፉ ይረዝማል፣ ላሞቹም ይከሳሉ።

ለሸራ በእንጨት ፍሬም የተወጠረ አቡጀዴ ወይም ኮምፔንሳቶ ይሆናል። መጀመሪያ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ፣ ሲደርቅ ደግሞ የሠዓሊ አክሪሊክ ጄሶ በስሱ 3 ጊዜ ይቀባል፤ በየመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ይህ ከተዘለለ ጨርቁ ዘይቱን ይመጥጣል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ክሩም ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ለበርና ለመስኮት በጣሳ የሚሸጠው ዘይት ቀለም ለዚህ አይሆንም፤ ይፈስሳል፣ የብሩሽ ምትም አይዝም።

የመጀመሪያው ንብርብር በተርፔንታይን በቀጠነ ቡናማ (በርንት አምበር) ብቻ ይሠራል። ዓይንን ጨፈን አድርጎ ምስሉን ወደ 4 የጨለማ ደረጃዎች መቀነስ ነው፦ ሰማዩ፣ ሜዳው፣ ውሃው፣ የዛፉ ጥላ። እዚህ የተሳሳተውን በኋላ የሚመጣ ቀለም አያቃናውም፤ ስለዚህ ከጠቅላላው ሰዓት ሲሶውን ለዚህ መስጠት አይበዛበትም። ከዚያ ሰማዩ ይቀድማል፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ይመጣል። ሕጉ ቀጭኑ ከታች፣ ዘይታሙ ከላይ ነው። ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

አረንጓዴው ብዙዎችን ያሰናክላል። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ሜዳውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል። አልትራማሪን ሰማያዊ ከኦከር (አፈርማ ቢጫ) ጋር የደበዘዘውን፣ ከሎሚ ቢጫ ጋር ደማቁን ይሰጣል፤ ከልክ ሲያልፍ ጥቂት በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ያበርደዋል። በዛፎቹ መሐል ያለው ቀላ ያለ ቤት በአረንጓዴ ስለተከበበ ከእውነቱ በላይ ቀይ መስሎ ይታያል፤ ተማሪውም ያጋንነዋል። ቀለሙን በስፓቱላ ጫፍ ህትመቱ አጠገብ አስጠግቶ ማወዳደር ይበጃል።

ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው የተልባ ዘይት ነው፤ ለሠዓሊ የተጣራው እንጂ ለምግብ የተጨመቀው አይደለም። የኑግ ዘይት በየቤቱ ቢገኝም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ሊያጣብቀው ይችላል። በክረምት ብርዱና እርጥበቱ መድረቁን ያዘገያል፤ ጨለማ ክፍል ደግሞ ዘይቱን ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ከምድጃ ጢስ ርቆ በመስኮት ብርሃን ይቀመጥ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቫርኒሽ የሚቀባው ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ ነው።

ከቅጂው ወደ ሜዳ ሲወጣ የኮንስታብል ዛፍ ለሾላና ለዋርካ ይሠራል፦ መጀመሪያ ጥቁር ጥላ፣ ከላይ ብርሃን። ለባሕር ዛፍ ግን አይሠራም። ቅጠሉ የሳሳ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው፤ በመሐሉ የሚታየው ሰማይ በመጨረሻ፣ ከዋናው ሰማይ ጥቂት ጠቆር ብሎ ይገባል። የጮቄ ተራራም በጥቅምት ጥርት ብሎ ስለሚታይ የእንግሊዙን ጭጋጋማ ሰማያዊ እንዳለ ማምጣት አያዋጣም፤ ያ ድብዝዝታ የሚገጥመው በበጋው መጨረሻ፣ አቧራው ሲነሣ ነው።