ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ሻቶ» ምንድን ነው?

የፈረንሳይ ቦርዶ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የግንብ ሥዕል ይታያል፤ ከሥሩ «ሻቶ» (በፈረንሳይኛ ግንብ ማለት ነው) እገሌ ይላል። ሥዕሉን ያየ ሰው የመኳንንት ቤት ይታየዋል። ነገር ግን ግንቡ ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም። ሕጉ የሚጠይቀው ወይን ጠጁ በሕግ የታወቀ የትውልድ ቦታ እንዲኖረውና ፍሬው ከዚያው እርሻ እንዲለቀም ነው። ስለዚህ ሻቶ ማለት መሬቱ፣ ተክሉና መጥመቂያው በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። ከአንድ መጋዘን በቀር ምንም ሕንፃ የሌለው ሻቶም ሞልቷል።

ይህ አሠራር እንዴት እንደመጣ ለማየት ከቦርዶ ከተማ አጠገብ ፔሳክ ያለውን ኦ-ብሪዮን የተባለ የወይን እርሻ የመሰለ ምሳሌ የለም። በ1525 (እ.ኤ.አ.) ዣን ደ ፖንታክ የተባለ የቦርዶ ባለሥልጣን አገባ፤ የርስቱ መነሻ ሚስቱ ይዛው የመጣችው መሬት ነው። በ1549 ግንቡን መሥራት ጀመረ። በዚያ ዘመን የቦርዶ ቀይ ወይን በጅምላ በበርሜል ይሸጥ ስለነበር ጠጪው ከየትኛው እርሻ እንደመጣ አያውቅም። የፖንታክ ዘሮች ግን ወይናቸውን በእርሻው ስም ለይተው ለንደን ላይ ሸጡ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ በ1663 ማስታወሻው ስሙን አጣሞ ቢጽፈውም፣ ጣዕሙ ከዚያ በፊት የማያውቀው ልዩ ጣዕም እንደሆነ መዝግቧል። ከ1666ቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የፖንታክ ቤተሰብ እዚያው ከተማ ምግብ ቤት ከፈተ። ብልህ ነጋዴ ማለት ይሄ ነው!

ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1677 እርሻውን ሊያይ ሄዶ ያገኘው ጠጠርና አሸዋ ነው፤ ምንም የሚያበቅል አይመስልም ነበር። የመሬቱ ምስጢርም እሱ ነው። ጠጠሩ ውሃ አይቋጥርም፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀን የሞቀው ድንጋይ ደግሞ ፍሬው እንዲበስል ያግዛል። ለም መሬት ላይ ወይን ቅጠል ያበዛል እንጂ ጥሩ ፍሬ አይሰጥም።

ግንቡ ብዙ ጌታ አይቷል። ባለቤቱ ጆዜፍ ደ ፉሜል በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በ1794 አንገቱን ተቀላ፤ በ1801 ዲፕሎማቱ ታሌራን ገዛው፤ ከ1935 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካዊው ባንከር ክላረንስ ዲሎን ቤተሰብ ይዞታል።

በ1855 የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሳልሳዊ ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት የቦርዶ ወይኖች በደረጃ እንዲቀርቡ ፈለገ። ደረጃውን ያወጡት ደላሎች ናቸው፤ ሚዛናቸውም ለዓመታት የተሸጠበት ዋጋ ነበር። አንደኛ ደረጃ ካገኙት አራት ቀይ ወይኖች የቦርዶ ክፍል ከሆነው ከሜዶክ አውራጃ ውጭ የመጣው ኦ-ብሪዮን ብቻ ነው። የሚገርመው፣ በዚያ ዝርዝር አብዛኞቹ እርሻዎች በስማቸው ላይ «ሻቶ» የሚል ቃል አልነበራቸውም። ማዕረጉን በኋላ ነው የተሻሙበት።

ያኔም ቢሆን ወይኑን በጠርሙስ የሚሞሉት የከተማው ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ መንገድ ላይ ከሌላ ወይን ጋር መቀላቀሉ የተለመደ ሐሜት ነበር። በ1924 የሻቶ ሙቶኑ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ ምርቱን በሙሉ እዚያው እርሻው ላይ በጠርሙስ አስሞላ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬ ጠርሙስ ሲያነሱ ከግንቡ ሥዕል ይልቅ «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ሻቶ»፣ ማለትም «በሻቶው በጠርሙስ የተሞላ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ።