ደም ማነስ ምንድን ነው? ከምን ይመጣል፣ እንዴትስ ይታወቃል?

ደም ማነስ ማለት በአንድ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ለዕድሜው፣ ለጾታውና ላለበት ሁኔታ ከሚጠበቀው መጠን በታች መውረዱ ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለ፣ ብረት ያዘለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለአንጎል፣ ለልብ፣ ለጡንቻና ለቀረው አካል ሁሉ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ስለዚህ ደም ያነሰው ሰው በደም ሥሮቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ላይጎድልበት ይችላል፤ የጎደለው ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ነው። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ የሚያዞረው የደም ግፊት መውረድም ከዚህ የተለየ ችግር ነው። ክንድ ላይ በሚታሰረው መሣሪያ የሚለካው ግፊት ብቻ ሲሆን፣ ደም ማነስን ለማወቅ ግን ደም ተወስዶ መመርመር አለበት።

በጎጃም፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች፣ ደም አንሷል ተብሎላቸው የአይረን (የብረት) ኪኒን ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ችግሩ በአገር ደረጃም ሰፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ደግሞ 24 በመቶ ያህሉ ደም አንሷቸው ተገኝተዋል። ኪኒኑ ጠቃሚ ነው፤ ብዙዎችንም አድኗል። ነገር ግን ደም ማነስ ራሱ የምርመራው መጨረሻ አይደለም። ሌላ ችግር መኖሩን የሚናገር ምልክት ነውና፣ ደሙ ለምን አነሰ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የሚሰጥ መድኃኒት ግማሽ ሕክምና ሆኖ ይቀራል።

ምክንያቱን ለመረዳት ደም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል። ቀይ የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ከሠራ በኋላ ይፈርሳል፤ በውስጡ የነበረውም ብረት ለአዲስ ሕዋስ መሥሪያ ይውላል። መቅኔው ብረት፣ ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ቢ 12 ያስፈልገዋል፤ እንዲያመርት የሚያዝዘው ሆርሞን ደግሞ በአብዛኛው ከኩላሊት ይመነጫል። ስለዚህ ደም የሚያንሰው መቅኔው በበቂ ሁኔታ ማምረት ሲያቅተው፣ ደም ከሰውነት ሲፈስ፣ ወይም ሕዋሳቱ ከዕድሜያቸው በፊት ሲፈርሱ ነው። በአንድ ሰው ላይ ከእነዚህ ሁለቱ፣ አንዳንዴም ሦስቱ፣ አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ የተለመደው ምክንያት የብረት እጥረት ነው። እዚህ ላይ ጎጃሜ አንባቢ ወዲያው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ጤፍ በብረት የበለጸገ ከሆነ፣ ጠዋት ማታ እንጀራ የሚበላ ሰው እንዴት ብረት ያጥረዋል? ጤፍ፣ በተለይም ቀይ ጤፍ፣ ብዙ ብረት ያለው መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና በምርመራ ከሚገኘው ብረት ቀላል የማይባለው ክፍል እህሉ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈሩ የተጣበቀበት ነው፤ ይህን ደግሞ አንጀት እምብዛም አይመጥጠውም። በእህሉ ውስጥ ያለውም ብረት ቢሆን ፋይቴት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ በቀላሉ ወደ ደም አያልፍም። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ይህ ፋይቴት ስለሚቀንስ፣ እናቶቻችን ቀን ጠብቀው አብኩተው አብሲት ጥለው የሚጋግሩት እንጀራ ሳይቦካ ከሚጋገር ቂጣ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሰውነት የሚጠቀመው ከገባው ብረት ሁሉ ሳይሆን መጥጦ ባስቀረው ብቻ መሆኑ ነው፤ ጤናማ አዋቂ በቀን የሚመጥጠው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

ከማዕድ ጋር የሚጠጣው ነገርም ለውጥ ያመጣል። ምሳ እንደተበላ የሚቀርበው ቡና፣ ሻይም እንዲሁ፣ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት አስሮ ይይዛል። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ ከምግቡ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማራቅ ይበቃል። በአንጻሩ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያና ብርቱካን በያዙት ቫይታሚን ሲ ምክንያት ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛሉ፤ ምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ከሽሮ ጋር የቲማቲም ሰላጣ ማቅረብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እርዳታ ነው። ቀይ ሥር ደም ይሠራል የሚለው አባባል ከቀለሙ የመጣ ይመስላል፤ በብረት ይዘቱ ግን ምስርና ሽምብራ ይበልጡታል።

በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከእጽዋቱ በእጅጉ በተሻለ ሁኔታ ይመጠጣል፤ ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። የጾሙ ነገር የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ 12 ስለሚያከማች፣ በፍስክ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ የሚያገኝ ሰው 55 ቀን ሁዳዴን በመጾሙ ብቻ ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል ማለት አይደለም። አደጋው የሚያሰጋው ለአቅመ ደካማው፣ ፍስኩም ለእርሱ ከጾም ብዙ ለማይለየው ቤተሰብ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ አራስና ሕመምተኛ ሁኔታቸውን ለነፍስ አባታቸው ነግረው ምክርና ፈቃድ መጠየቃቸው ደግሞ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ያለና የተለመደ ስለሆነ፣ በዝምታ መጎዳት አይገባቸውም።

ምግቡ ሳይጎድል ብረቱ ከሚያልቅባቸው ትልልቅ መንገዶች አንዱ መንጠቆ ትል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ኮሶና ወስፋት ናቸው፤ ደም የሚያሳጣው ግን በዓይን ሲታይ ከእነርሱ እጅግ የሚያንሰው ይህ ትል ነው። የትሉ እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ በሰገራ በተበከለ፣ ሞቅ ባለና እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ያድግና በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ከዚያ በደም ተጉዞ ሳንባ ይደርሳል፣ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ይዋጣል፣ በመጨረሻም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለዓመታት ደም ይመጥጣል። አንድ ትል እንደ ዓይነቱ በቀን ከ0.03 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ያባክናል። አነስተኛውን ቁጥር ብንወስድ እንኳ መቶ ትሎች በቀን 3 ሚሊ ሊትር ደም ያጠፋሉ፤ በዚህ ደም ውስጥ ያለው ብረት 1.5 ሚሊ ግራም ያህል ነው። አንጀት ከፈሰሰው ብረት ከፊሉን መልሶ ቢመጥጥም፣ ሰውየው በቀን ከሚያገኘው ጋር ሲተያይ ኪሳራው ግልጽ ነው። በምዕራብ ጎጃም ወይና ደጋና ቆላ፣ በመስኖ ማሳና በጓሮ አትክልት ውስጥ በባዶ እግሩ የሚውል ገበሬ ወይም ልጅ ደም ሲያንሰው የሰገራ ምርመራ ሳይደረግለት መመለስ የለበትም። ሕክምናው ቀላል ነው፤ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይዋጣል፣ እንደ ሁኔታውም ይደገማል። መጸዳጃ ቤትና ጫማ ከሌሉ ግን ትሉ ተመልሶ ይመጣል። ጫማ በምሥራቅ ጎጃም ብዙዎችን ከሚያሠቃየው የእግር እብጠት፣ ከፖዶኮኒዮሲስም የሚጠብቅ በመሆኑ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ሴቶች በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው የብረት ፍላጎታቸው ከወንዶች ከፍ ያለ ነው፤ የወር አበባው ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ ወይም እየረጋ የሚወርድ ከሆነ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሴቶች ይህን የተፈጥሮ ነገር ነው ብለው ስለሚችሉት ሳይጠየቅ ይቀራል። በእርግዝና ጊዜ ፅንሱ፣ እንግዴ ልጁና የእናቲቱ የራሷ ደም መጨመር ብረቱን ይሻማሉ፤ ልጆች ተቀራርበው ሲወለዱም ያለቀው ሳይተካ ሌላው ይጀመራል። ለዚህ ነው በእርግዝና ክትትል አይረንና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ እንዲወሰድ የሚታዘዘው። ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ የሚፈስሳትን ደም የመቋቋም አቅሟ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ኪኒኑ ያቅለሸልሻል ብሎ ማቋረጥ ከባድ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ሕፃኑም ቢሆን ይዞት የተወለደው ብረት እስከ ስድስት ወር ገደማ ነው የሚያቆየው፤ ከዚያ በኋላ ከጡት ጋር የምስር፣ የሽምብራ፣ የእንቁላልና ሲገኝም የሥጋ ምግብ እንጂ የላም ወተት ብቻ አይበቃውም።

ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን እያፈረሰ በተለይ በሕፃናት ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባድ ደም ማነስ ያመጣል፤ በዓባይ በረሃና በጣና ዙሪያ ካሉ አካባቢዎች የመጣ ትኩሳት ያለበት ሰው በቅድሚያ የወባ ምርመራ ይደረግለታል። በጣና ዳርቻ በተበከለ ውሃ ውስጥ ከሚገኝ ጥገኛ ትል የሚመጣው ቢልሃርዝያም ይታሰባል። የኩላሊት ሕመም፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪና ሌሎች ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ በሽታዎች መቅኔው እንዳያመርት ያደርጋሉ። በዘር የሚወረሱ የሄሞግሎቢን ችግሮች በደገኛው ዘንድ ብዙ ባይታዩም ሐኪሙ ከሐሳቡ አያወጣቸውም።

ምልክቶቹ ቀስ እያሉ ስለሚመጡ ሕመምተኛው ራሱ ይለምዳቸዋል። ድካም፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ብርድ መፍራትና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል የተለመዱት ናቸው። ትናንት እንስራ ተሸክማ ከወንዝ የምትመለስ ሴት ዛሬ ሦስት ጊዜ የምታርፍ ከሆነ፣ ይህ ስንፍና ወይም እርጅና ተብሎ መታለፍ የለበትም። የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጡ፣ ምላስ፣ የእጅ መዳፍና ጥፍር ይነጣሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ፊትን አይቶ መፍረድ ስለሚያስቸግር መመልከት ያለብን እነዚህን ነው። ብረት ያጠረው ሰው ጥፍሩ እየተሰበረ ሊጎደጉድ ይችላል፤ አፈር፣ አመድ ወይም ከሰል መብላት ሊያሰኘውም ይችላል። ይህ አምሮት በነፍሰ ጡሮች ላይ ሲታይ የባሕርይ ጉዳይ አድርጎ ማሳፈር ተገቢ አይደለም። እግር መደንዘዝና አረማመድ መቃወስ ከታከለበት ደግሞ የቢ 12 እጥረት ይጠረጠራል።

ማረጋገጫው የሄሞግሎቢን ልኬት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ለአዋቂ ወንድ ከ13 ግራም፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ11 ግራም በታች ሲሆን ደም አንሷል ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች የተቀመጡት ግን ለባሕር ወለል አቅራቢያ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ያመርታል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ እንደ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ መለኪያው አንድ ግራም ያህል ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ከፍ እንዲል ይመከራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይበልጥ አሳይቷል፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ግን በግልጽ ከፍ ይላል። በእኔ እምነት ይህ ለጮቄ ግርጌ ነዋሪም ትልቅ ትርጉም አለው። ማስተካከያውን እንዳለ መውሰድ ጤነኛውን ሕመምተኛ ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ለድንበሩ የቀረበ ውጤት ከምልክቶቹና ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር ተገናዝቦ መተርጎም አለበት።

ቀጣዩ ሙሉ የደም ምርመራ ሲሆን፣ ዋጋ ያለው ክፍሉ የሕዋሳቱን ትልቅነትና ትንሽነት ማሳየቱ ነው። ሕዋሳቱ ካነሱ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው፤ ከገዘፉ ቢ 12 ወይም ፎሊክ አሲድ ይታሰባል፤ መካከለኛ ከሆኑ ደግሞ የቅርብ ጊዜ መድማት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የቆየ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ የሰውነትን የብረት ጎተራ ይለካል፤ ሄሞግሎቢን ገና ሳይወርድ የክምችቱን መመናመን ይናገራል። ነገር ግን ኢንፌክሽን ባለበት ሰው ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል ብቻውን አይታመንም።

የአይረን ኪኒን ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህ አያስደነግጥም። ግልጽ መሻሻል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ስለሚታይ ልኬቱ ይደገማል፤ ቁጥሩ ከተስተካከለም በኋላ ክምችቱ እንዲሞላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። ኪኒኑ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ብዙውን ከዋጡት ይመርዛቸዋል፣ ሊገድልም ይችላል። ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የደረት ሕመም ያለበት ወይም ራሱን የሚስት ሰው ኪኒን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ደም ሊሰጠው ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ስለ ዕድሜ ባለጸጎቹ ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። ያረጠች ሴትም ሆነች ሽማግሌ አባት የብረት እጥረት ከተገኘባቸው፣ ሌላ ምክንያት እስካልተረጋገጠ ድረስ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ደም እየፈሰሰ እንደሆነ መታሰብ አለበት። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ለወራት የሚወሰዱ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም እንዲሁ። ኪንታሮት ነው ተብሎ የተተወ መድማት የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አይረን ሲጀምር ቁጥሩ ከፍ ይልለታል፣ ብርታትም ይሰማዋል፤ ዕጢው ግን በዚያው ያድጋል። ስለዚህ አባትን ወይም እናትን ይዞ የሚሄድ ልጅ ኪኒኑን ከመቀበሉ በፊት ደሙ ከየት እንደጠፋ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በዓይን የማይታይ ደም በሰገራ ውስጥ መኖሩ እንዲመረመር፣ ካስፈለገም ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራንና አንጀትን ከውስጥ ማየት) ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍለት ያመልክት።