ከምስማር እስከ ሽብልቅ፦ በሰሜን ሸዋ የስካፎልዲንግ ማያያዣዎች

በሰሜን ሸዋ ከተሞች የሚታየው ስካፎልዲንግ፣ ማለትም ሕንጻ ሠሪው የሚቆምበት መወጣጫ፣ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ የአጣና እና የብረት። ሁለቱም ቋሚ፣ አግዳሚ፣ ወደ ግድግዳው የሚሻገር ተሻጋሪና ሰያፍ አላቸው። ልዩነታቸው መጋጠሚያው ላይ ነው። አጣናው በምስማር፣ በሽቦ ወይም በገመድ ይያያዛል፤ ብረቱ በክላምፕ (በብሎን የሚጠብቅ መቆንጠጫ)፣ በኩባያ ወይም በሽብልቅ። የማያያዣ ነገር የጥንካሬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባልኖረ ነበር። ባለሙያውን የሚያከራክረው ግን ሌላ ነው፦ ማያያዣው ሲላላ ከታች ሆኖ ይታወቃል ወይስ አይታወቅም?

ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ወደ ሸዋ ከገባ ወዲህ አጣና የሕንጻ ሥራ ቀኝ እጅ ሆኗል። ደጋው ላይ የሚበቅለው ነጭ ባህር ዛፍ ቀጥ ያለና በቅርብ የሚገኝ ነው። ክፉ ጠባዩ ሲደርቅ መኮማተሩና ጫፉ ላይ መሰንጠቁ ነው። እርጥብ ሳለ ምስማር እንደ ቅቤ ይቀበላል፤ ደርቆ ከሆነ ግን ከጫፉ አጠገብ የተመታ ምስማር እስከ መሃል ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አናጺው የምስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ መታ አድርጎ ያደነዝዘዋል። የደነዘዘው ጫፍ ቃጫውን እየቆረጠ ይገባል እንጂ እየፈለቀቀ አይሄድም። ከአጣናው ጫፍም አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብሎ ይመታል።

የምስማር ቁጥር ርዝመቱን በሳንቲ ሜትር ይናገራል። የአግዳሚው ውፍረት 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10 ቁጥር ምስማር ቋሚው ውስጥ የሚይዘው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 12 ቁጥር ግን 5 ይይዛል። 10 ቁጥር ለጣውላና ለቁራጭ እንጂ ለአግዳሚ አይሆንም የሚባለው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ አግዳሚን በምስማር ብቻ ማንጠልጠል መጥፎ ልማድ ነው። በደንብ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ አንድ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ አጣና ከአግዳሚው ሥር ቋሚው ላይ በሦስት ምስማር ይመታል። አግዳሚው እዚያ ላይ ይቀመጥና ምስማሩ እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዘዋል። ቋሚውን መፈልፈልና አግዳሚውን ጉድጓዱ ውስጥ ማስቀመጥ ለዓይን ያምራል፤ ግን ቋሚውን በጣም ክብደት በሚሸከምበት ቦታ ላይ ማቅጠን ነው።

ሽቦን የሚመርጡት አጣናው ለሌላ ሥራ እንዲተርፍ የሚፈልጉ ናቸው። ፌራዮው (ፌሮ አሳሪው) የሚጠቀምበት ቀጭኑ ጥቁር ሽቦ ለዚህ አይበቃም፤ ወፈር ያለው ተደርቦ በመስቀልኛ ይዞርና በቁራጭ ፌሮ ይጠመዘዛል። የመጨረሻዋ ግማሽ ዙር ናት ጥፋት የምታመጣው፦ ሽቦው አንገቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይሳሳል፣ በዚያው ቀን ባይበጠስ ሸክም ሲያርፍበት ይበጠሳል። ሌላው ችግር የወቅት ነው። በክረምት መጨረሻ እርጥብ አጣና ላይ የታሰረ ሽቦ፣ በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ ነፋስ እንጨቱ ሲኮማተር፣ ሳይነካ ይላላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ ዞሮ ማጥበቅ ግድ ነው። የቃጫ ገመድም የራሱ ጠባይ አለው፤ ሲረጥብ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል። የናይለን ገመድ ደግሞ ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ሸዋ ሮቢትን በመሰለው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቆላ ምስጥ አለና፣ መሬት የነካ አጣናም ሆነ የቃጫ ገመድ ለወራት አይታመንም።

በመንዝ የድንጋይ ግንብ ሲገነባ የውጭው ረድፍ ብቻ ቋሚ ይኖረዋል፤ የተሻጋሪው ሌላ ጫፍ ግንቡ ላይ በተተወ ቀዳዳ ይገባል። እዚህ አጣና አሁንም ተወዳዳሪ የለውም። ድንጋዩ እኩል ስላልሆነ መወጣጫውም እንደ ግንቡ መታጠፍ አለበት።

ወደ ብረቱ ስንመጣ መነሻው ቱቦው ነው። ክላምፕ የሚሠራው 48.3 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋት ላለው ቱቦ ነው፤ ውፍረቱ 3.2 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንድ ተኩል ኢንች የውኃ ቧንቧም የውጭ ልኩ ይኸው በመሆኑ ይገባል። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የቤት ዕቃ ቱቦ ግን ክላምፑን አያስዘጋም፤ ዳዶው ጠበቀ ቢመስልም ቱቦውን የሚይዘው ከንፈሩ አልገጠመም። ልኩ ቢስማማም ግድግዳው የሳሳ ቱቦ ክላምፑ ሲጠብቅበት ይጨፈለቃል፣ ክብነቱንም ያጣል።

የክላምፕ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ባለ 90 ዲግሪው እና ዞሪው። አግዳሚን ከቋሚ ጋር የሚያስረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ዞሪው ለሰያፍ ነው። ባለ 90 ሲያልቅ ዞሪውን ለአግዳሚ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው፤ መሃሉ ላይ ያለችው ፒን ስለሚዞር ማዕዘኑን የሚጠብቅ ነገር አይኖርም፣ መወጣጫውም እንደ መቀስ ይወዛወዛል።

በአሠራርም ይለያያሉ። በትኩሱ ተቀጥቅጦ የተሠራው ከባድ ነው፤ ባለ 90ው አንዱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ተሸካሚው ያማርራል፣ ገጣሚው ይወደዋል። ከላሜራ በፕሬስ የተጣጠፈው ይቀላል፣ ግን ከከፍታ ሲወረወር ከንፈሩ ይከፈታል። በቅርጽ የፈሰሰው ደግሞ ሳይታጠፍ በድንገት ይሰነጠቃል። ሦስቱን አንድ ጆንያ ውስጥ ደባልቆ የሚያመጣ አከራይ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናው መጋጠሚያ ላይ የተቀጠቀጠውን ለይቶ ማዋል የገጣሚው ፈንታ ነው።

ለማጥበቅ የሚፈለገው ኃይል 50 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በቀላሉ፦ 25 ሳንቲ ሜትር ክንድ ያለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል መጫን። «ይጥበቅ» ተብሎ ቁልፉ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ከተሰካ ያው ጉልበት ወደ 150 ይደርሳል፤ የብሎኑ ጥርስ ይላጣል ወይም ክላምፑ ይሰነጠቃል። ሸክም የበዛበት ቦታ ላይ የሚሻለው ከዋናው ሥር ሌላ ክላምፕ አስጠግቶ ማሰር ነው። የላይኛው ከተንሸራተተ የታችኛው ይቀበለዋል፤ በመካከላቸው የተከፈተው ክፍተትም መንሸራተቱን ይናገራል።

የብሎን ክላምፕ ዋና ጉድለቱ ዝምታው ነው። በእጅ ብቻ የጠበቀውም፣ በቁልፍ የጠበቀውም ከታች ሲታይ አንድ ነው። ሽብልቅ ግን ይናገራል። ባለ ቀለበቱ ስካፎልዲንግ ቋሚው ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ስምንት ቀዳዳ ያለው ቀለበት አለው፤ የአግዳሚው ጫፍ እዚያ ላይ ይገባና ሽብልቁ በመዶሻ ይመታል። መጀመሪያ ድምፁ ደብዛዛ ነው፣ ሲቀመጥ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ያልተመታው ሽብልቅ ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ፎርማኑ ከመሬት ሆኖ ይለየዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብረቱ ላይ ውርጭ ይጋገራል። በደነዘዘ ጣት ዳዶ መያዝና ጓንት አድርጎ መዶሻ ማንሳት አንድ አይደሉም። እዚያ ሽብልቅን የሚመርጡት በፍጥነቱ ብቻ አይደለም።

ባለ ኩባያው የሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሠራተኞች ምርጫ ነው። የታችኛው ኩባያ በየግማሽ ሜትሩ ተበይዷል፤ አራት አግዳሚ ይቀበላል፤ ተንቀሳቃሹ የላይኛው ኩባያ ወርዶ በመዶሻ ይዞራል። ጠላቱ ከአርማታው የሚንጠባጠበው የሲሚንቶ ውኃ ነው። ኩባያው ውስጥ ደርቆ ከቆየ የአግዳሚው ምላስ ወደ ታች አይቀመጥም፣ የላይኛውም አንድ ሩብ ዙር ሳይሞላ ይቆማል። ባለ ፍሬሙን፣ ማለትም ተበይዶ የተዘጋጀ ክፈፍ በመስቀል ብረት የሚያያዝበትን፣ ደግሞ ለሳኞችና ቀለም ቀቢዎች ይወዱታል፤ በደቂቃዎች ይቆማልና። የመስቀሉ መቆለፊያ ስትጠፋ በቦታዋ ምስማር መሰካት ግን የሁሉም ሳይት በሽታ ነው፤ ምስማሩ በንዝረት ወጥቶ ይወድቃል።

መጋጠሚያው አስቀድሞ የተበየደለት ስካፎልዲንግ ሁሉ ክብ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ጉልላቱን ለማደስ ቱቦና ዞሪ ክላምፕ እስከ ዛሬ ይመረጣሉ፤ የፈለጉትን ማዕዘን ይሰጣሉ። ጣርማ በርን በመሰለ ነፋሻ ቦታ ሸራ ከተጋረደበት ነፋሱ መወጣጫውን እንደ ጀልባ ሸራ ይገፋዋል፤ ስለዚህ በየ4 ሜትር ከፍታ ከሕንጻው ጋር ይታሰራል። ይህ ማሰሪያ ሽቦ ብቻ ከሆነ መወጣጫው ወደ ውጭ እንዳይሄድ ይይዛል እንጂ ወደ ግድግዳው ከመግባት አያግደውም፤ ቱቦና ክላምፕ ግን ሁለቱንም ይከለክላል።

ሲፈርስ ክላምፕ አይወረወርም፤ በባልዲ በገመድ ይወርዳል። ዳዶው ከብሎኑ ሳይወጣ ጫፉ ላይ ይተዋል፣ አለዚያ ግማሹ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይነካል። ዘይቱ ቱቦውን የሚይዘውን ከንፈር ከነካ ግን በጨርቅ መጠረግ አለበት፣ ያንሸራትታልና።