ግለት ያለው ፈረስ በጥቁር ቀለምና በውሃ ቀለም ሲሣል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ለዚህ ሥዕል ፈጣን እጅ ይበቃል።»
አይበቃም። በፈረሶቹ የታወቀው ቻይናዊ ሠዓሊ ሹ ቤይሆንግ (1895–1953) ብሩሹ ነፃ የሆነው የፈረስን አጥንትና ጡንቻ አጥንቶ፣ ከሕያው ፈረስ ፊት ደጋግሞ ከነደፈ በኋላ ነው። እናንተም አስቀድማችሁ በሳሳ እርሳስ ልኩን ያዙ። ከመሬት እስከ ጀርባው መነሻ (አንገቱ ከጀርባው የሚገናኝበት ጉብታ) ያለው ቁመት የጭንቅላቱን ርዝመት ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ነው። ጭንቅላቱ ከተለቀ ግርማው ይጠፋል።

«የኋላ እግሩ ጉልበት ወደ ኋላ ይታጠፋል።»
ወደ ኋላ የሾለው ተረከዙ ነው። ጉልበቱ ከፍ ብሎ፣ ከሆዱ አጠገብ ነው።

«ሽምጥ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ተዘርግተው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ።»
አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሥለውታል። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረደሩ ካሜራዎች ያነሣቸው ፎቶዎች ግን ሌላ አሳዩ፦ ፈረሱ ከመሬት የሚለቀው እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። እግሩን ዘርግታችሁ መሣል ከፈለጋችሁ አንዱን ኮቴ መሬት አስነኩት። ክብደቱን የተሸከመው እግር ደግሞ ከኮቴው በላይ ባለው መገጣጠሚያ ወደ መሬት ሰመጥ ይላል፤ ይህ ቀጥ ብሎ ከተሣለ የቀረው ሁሉ ቢያምር እንኳ ፈረሱ ክብደት የለውም።

«ጆሮው ወደ ኋላ ሲለጠፍ ኃይለኛ ይመስላል።»
ያ የቁጣ ምልክት ነው። የነቃ ድንጉላ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አፍንጫውን ነፍቶ፣ ጭራውን ከሥሩ አንሥቶ ይታያል።

«ጉራች ፈረስ ጥቁር ይሞላል።»
እንዲያ ከሆነ ጠፍጣፋ ጥላ ይሆናል። ቀለሙን በሦስት ሰሃን በጥብጡ፦ ድፍን ጥቁር፣ መካከለኛ፣ እንደ ሻይ የሳሳ። ከሳሳው ጀምሩ፤ ብርሃን የሚያርፍበትን የትከሻና የታፋ ጫፍ ሳትነኩ ነጭ ወረቀቱን ተዉት። ድፍኑን ጥቁር ለአንገት ሥር፣ ለብብትና ለኮቴ አቆዩት። የሚያብረቀርቅ ጠጉር ሰማዩን ስለሚያሳይ ጀርባው ላይ የሳሳ ሰማያዊ ይስማማዋል። ለጋማና ለጭራ የብሩሹን ውሃ በጨርቅ አስመጥጡና ከሥር ወደ ጫፍ አንዴ ብቻ ሳቡ፤ መደጋገም ያጨቀየዋል።

«የትኛውም ቀለም፣ የትኛውም ወረቀት ይሆናል።»
ብዙው የፋውንቴን ፔን ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈታል፤ የውሃ ቀለሙንም ያግራጫዋል። በብጣሽ ወረቀት ላይ መስመር አስምራችሁ ሲደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ሞክሩት። ውሃ የማይፈታው ቀለምም ወፍራም መስመር ላይ ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ የሳሳው ካልተወጠረ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል። ሹዋን ከሚባለው የቻይና የሥዕል ወረቀት መምጠጡን የሚቀንስ ነገር ያልተቀባው ዓይነት ቀለሙን ወዲያው ስለሚመጥ ማረሚያ የለውም፤ እዚያ ላይ ከመጀመራችሁ በፊት የብሩሹን እርጥበት በሌላ ቁራጭ ላይ ለኩ።