በደሴና በኮምቦልቻ ወጣቶችን ፊልምና የካሜራ ትወና ማስተማር

ፊልም መሥራት የሚመኝ የደሴ ልጅ ሀሳቡ ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትራንስፖርቱ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ማደሪያው ዘመድ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የወላጅ እሺታ ያስፈልጋል። ሦስቱም የተሟሉለት ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ቢመጣ ይሻላል።

ሲመጣ ደግሞ ባዶ ቤት አይገባም። ባቲና አምባሰል የሚባሉት የሙዚቃ ቅኝቶች ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። መንዙማው፣ እንጉርጉሮው፣ የቡና ላይ ጨዋታው እዚሁ አለ። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሠን ለሀገር አስተዋውቋል። ያኔ ፊልም የሚያስተምር አልነበረም። መድረክ ላይ መቆም፣ ተራ መጠበቅ፣ አብሮ መሥራት ግን በኪነት ቡድን ልምምድ ይገኝ ነበር።

ዛሬ የብዙ ልጆች መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ ነው። ከዚያ የአጭር ጊዜ ሥልጠናዎች ይከተላሉ። ሌላው ትምህርት ቤት ፎቶ ቤት ነው። ካሜራ ተሸክሞ ሰርግ ላይ የዋለ ልጅ ክፍል ውስጥ ከተማረው የበለጠ የሚያውቀው ነገር አለው። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ “እንደገና ውረጂ” አይባልም። ስለዚህ ቀድሞ ማሰብን፣ ቦታ መምረጥን፣ ባትሪ መቆጠብን ይማራል።

የትወናው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚያ ነውና። ከድራማ ክበብ የመጣ ልጅ የለመደው መጨረሻ ወንበር ላይ ላለው ሰው ማሰማት ነው። ድምፁ ከፍ ይላል፣ እጁ ይወራጫል፣ ፊቱ ሁሉን ይናገራል። ለመድረክ ይህ ትክክል ነው። ካሜራ ግን ፊቱ ሥር ተቀምጧል። ቅንድቡን ትንሽ ቢያነሳ በቂ ነው። ለአሰልጣኝ ከባዱ ሥራ ልጁ ያለውን ችሎታ ሳይጎዱ እንዲቀንስ ማስለመድ ነው። “አሳንስ” ማለት ብቻውን አይረዳም። ልጁ ደንግጦ በድን ይሆናል።

የሚሻለው ልጁ በሚጫወተው ሰው ቦታ ሆኖ የሚፈልገው ነገር እንዲኖረው ማድረግ ነው። ሩሲያዊው የቴአትር መምህር ስታኒስላቭስኪ ያስተማረው አንዱ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ገፀ ባህሪው በዚህች ሰዓት ምን ይፈልጋል? ለዚህ መልመጃ ከወሎ ቡና የተሻለ አላውቅም። አንዲት አያት ቡና ያፈላሉ። የልጅ ልጃቸው የመጣው ብር ሊጠይቅ ነው። ግን በቀጥታ አይጠይቅም። “እማማ፣ ዛሬ ቡናዎ ልዩ ነው” ይላል። እሳቸው ገብቷቸዋል። ዝም ብለው ይቀዳሉ። አቦል አለፈ፣ ቶናው ቀረበ፣ ልጁ አሁንም ስለ ብር አላነሳም። ማንም አልጮኸም፤ ግን ትዕይንቱ ሞልቷል። ተማሪው ይህን ሲሠራ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ራሱ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ልማድ የሚጠይቁ ነገሮች ይመጣሉ። ሲኒውን በቀኝ እጅ ይዞ የተናገረ ልጅ፣ በሚቀጥለው ቀረጻም በቀኝ እጁ መያዝ አለበት። አለበለዚያ ኤዲቲንግ (የምስል ቅንብር) ላይ ሲኒው ከእጅ ወደ እጅ ይዘላል። መሬት ላይ የተደረገው ምልክት ላይ ሳያዩ መቆም፣ ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ እንደ አዲስ መናገር፣ ካሜራው የጓደኛን ፊት ሲቀርጽ ከካሜራው ኋላ ሆኖ እኩል ስሜት መስጠት፣ ሁሉም በልምምድ ይመጣል። የመጨረሻው የባሕርይ ትምህርትም ነው። የራሱ ፊት በማይታይበት ቀረጻ የሚለግም ተዋናይ የጓደኛውን ሥራ ያበላሻል።

ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው የአነጋገር ጉዳይ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ልጆቻችን በአማርኛ ድምፅ የተተካላቸው የውጭ ድራማዎች እያዩ አድገዋል። ድምፅ መተካት የራሱ ትልቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ቃሉ ከሌላ ቋንቋ የከንፈር እንቅስቃሴ ጋር እንዲገጥም ስለሚደረግ ዜማው ይለያል። ብዙ ጀማሪዎች ካሜራ ሲያዩ ያንን ዜማ ያወጣሉ። ገበያ ላይ የሚያወሩበት የራሳቸው አማርኛ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰኞ ገበያ ወይም መናኸሪያ ሄዶ የሰማውን አምስት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ስክሪፕትም ከዚያ ቢጀመር ጥሩ ነው። የወሎ አነጋገር ማሳቂያ መሆን የለበትም፤ ፍቅርም ሐዘንም ይነገርበታል።

የካሜራውን ትምህርት በስልክ መጀመር ይቻላል። ተማሪው መጀመሪያ መረዳት ያለበት የቅንብርን ኃይል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ሩሲያዊው የፊልም መምህር ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ አንድ ዓይነት ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሳጥንና ከሴት ምስል ጋር እያፈራረቀ እንዳሳየ ይነገራል። ተመልካቹ በመጀመሪያው ረሃብ፣ በሁለተኛው ሐዘን፣ በሦስተኛው ፍቅር አየ። ይህን ደሴ ላይ በስልክ መድገም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አንድ ልጅ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከፊቱ አንዴ እንጀራ፣ አንዴ ባዶ ወንበር፣ አንዴ የፈተና ውጤት ይታያል። ተማሪዎቹ ውጤቱን ሲያዩ ይገረማሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኤዲቲንግ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

ብርሃንን በተመለከተ ሁለቱ ከተሞች አብረው ትልቅ ክፍል ናቸው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ደሴ ብርሃኑ ለስላሳ፣ ጥላ የሌለው ይሆናል። ለፊት ቀረጻ ያማረ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ፀሐዩ ይከብዳል። እኩለ ቀን ላይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ተማሪው ነጭ ፎም ወይም አንሶላ ይዞ ብርሃን መመለስን እዚያ ይማራል። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት የሚችል ተማሪ ዕድለኛ ነው።

ቤት ውስጥ ሲቀረጽ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። የካሜራው ፍጥነት ከዚያ ጋር ካልተስማማ አንዳንድ አምፖሎች በምስሉ ላይ ይርገበገባሉ። በሴኮንድ 25 ምስልና 1/50 የሻተር ፍጥነት (እያንዳንዱ ምስል ለአንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ብርሃን እንዲቀበል) ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል።

ድምፅ ግን ከምስል ይቀድማል ባይ ነኝ። የደበዘዘ ምስል ተመልካች ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። ከተማው ውስጥ የባጃጅ ድምፅ አለ። የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት አለ። ቡድኑ ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ማዳመጥ፣ ቀረጻውን በእነዚህ ሰዓታት መሀል መመደብ አለበት። አዛን ላይ “ዝም በሉልን” አይባልም። ቆም ብሎ መጠበቅ ነው። ስልክ ጋር የሚገናኝ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ካለ ብዙ ያቃልላል። ከሌለ ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ አጠገብ ደብቆ መቅዳት ይቻላል። ማንም ሳይናገር ክፍሉን ለአንድ ደቂቃ መቅዳትም አይረሳ፤ ኤዲቲንግ ላይ ክፍተት ይሞላበታል።

አንድ ጉዳይ ላይ አሰልጣኞች እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ነበር። ዛሬ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ተማሪዎች ያኔ ገና ትንንሽ ልጆች ነበሩ። አንዳንድ የትወና መልመጃ ተማሪው የራሱን ክፉ ትዝታ እንዲቀሰቅስ ይጠይቃል። ይህን እነዚህ ልጆች ላይ መሞከር አይገባም። ስታኒስላቭስኪ ራሱ በኋለኛው ዕድሜው ትኩረቱን ወደ አካላዊ ድርጊት አዙሯል፤ ስሜት ድርጊትን ተከትሎ እንዲመጣ። ልጁ በሩን ይቆልፍ፣ ሻንጣውን ያዘጋጅ፣ መስኮቱን ይይ። ትዝታው ከመጣ በራሱ ፈቃድ ይመጣል፤ ካልመጣም ትዕይንቱ ይሠራል። ስለ ጦርነቱ ፊልም መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ሲመጣ ይደመጥ እንጂ አይገፋ።

ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ምስሉ የት እንደሚታይ፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣ እንደሆነ ቀድሞ ይነገር። ሴት ልጆች ልምምዳቸው ጀምበር ሳትጠልቅ እንዲያልቅ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ግን አባት “አይሆንም” ያለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ነው። ሥልጠናውን የሚያስተባብረው ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ቡና ጠጥቶ ማስረዳት ቢችል ነገሩ ይለሰልሳል።

ሥልጠናው ሲያልቅ የተሠራው ነገር ሰው ፊት ይታይ። ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋ የሚረዳ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ቀድሞ ይፈለግ። የፊት ወንበሮች ለእናቶችና ለአያቶች ይተዉ። ቡናው እዚያው ይፈላ። ተማሪው ግን ከኋላ ይቁም። ማያ ገጹን ሳይሆን የተመልካቹን ጀርባ ይይ። ሰዎቹ የት ላይ ዝም እንዳሉ፣ የት ላይ ማውራት እንደጀመሩ በማስታወሻው ይጻፍ። በማግስቱ ኤዲቲንግ የሚከፈተው ያንን ማስታወሻ ይዞ ነው።